«አሻራ አምጣ» ሲሉኝ ከበሩ እመለሳለሁ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። አንድ የጅምላ ማከፋፈያ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። በመሀል ቤቲንግ ለመደብኝ። መጀመሪያ ደሞዜን በላሁ፤ ከዚያ ተበደርኩ፤ መጨረሻ ላይ ‹ነገ እመልሰዋለሁ› እያልኩ ከካዝናው ማንሳት ጀመርኩ። ኦዲት ሲደረግ 140 ሺህ ብር ጎደለ። አልካድኩም። በእምነት ማጉደል ሦስት ዓመት ተፈርዶብኝ፣ ሁለት ዓመት ታስሬ በአመክሮ ወጣሁ። እናቴና ዘመዶቼ ተሯሩጠው 60 ሺውን ከፍለውልኛል። 80 ሺው እስካሁን አለብኝ።

ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በቀን ሥራ ሲሚንቶ እሸከማለሁ። ማረሚያ ቤት ብየዳ ተምሬ ሰርተፊኬት ይዣለሁ። ነገር ግን ሥራ ያገኘሁ በመሰለኝ ቁጥር ‹አሻራ ሰጥተህ ክሊራንስ (ከወንጀል ነፃ ነው የሚል የፖሊስ ወረቀት) አምጣ፣ ተያዥም አቅርብ› ይሉኛል። ‹እሺ› ብዬ እወጣና አልመለስም። አጎቴን ተያዥ ሁነኝ ብዬ ብለምነው ‹አንዴ አዋርደኸናል፣ ሁለተኛ እንዳትመጣብኝ› አለኝ። እናቴ ለጎረቤት ‹ክፍለ ሀገር ነበር› እያለች ነው የምትኖረው። አሁን ደግሞ አንድ የማውቀው ልጅ ፎርጅድ ክሊራንስ ላሠራልህ እያለኝ ነው። ልናገር ወይስ ልደብቅ? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የእኔ ምሳር መቼ ነው የሚያልቀው?

ተያዥ ያጣሁት»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ከመጨረሻው ልጀምርልህ፤ ያ ልጅ ነገ ጠዋት ሊደውልልህ ይችላልና።

ፎርጅዱን ተወው። ስለ ኃጢአትና ስለ ጽድቅ ላወራህ አይደለም፤ ሒሳቡን ብቻ እንሥራው። የወጣኸው በአመክሮ ነው። የቀረችው አንድ ዓመት አልጠፋችም፤ ጠባይህን እያየች እዚያው ቁጭ ብላለች። ሐሰተኛ ሰነድ ማሠራትም ሆነ መጠቀም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከተያዝክ አዲሱ ክስ አሮጌውን ይጎትተዋል። ደግሞ የምትያዘው በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ጥሩ ነበር። ችግሩ ሁለት ዓመት ሠርተህ፣ ሰው አምኖህ፣ ደሞዝ ጨምሮልህ፣ አንድ ቀን ሰው ኃይል ፋይል ሲያጣራ ነው ጉዱ የሚወጣው። እስከዚያው ድረስ ቢሮ በጠሩህ ቁጥር ሆድህ ይላወሳል። እና ልጁስ? ወረቀቱን በብር ይሸጥልህና ሚስጥርህን በነፃ ይዞ ይቀራል። ብር ሲያጥረው ወደ ማን የሚመጣ ይመስልሃል?

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ቤቲንግ የጻፍከው «ለመደብኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ተወኝ አላልክም። የቀን ሥራ ክፍያ ማታ ማታ እጅ ላይ ነው የሚሰጠው። ከሳይቱ እስከ ቤትህ ስንት ቤቲንግ ቤት አለ? እኔ ከምሠራበት እስከ ታክሲ ተራው አራት ቆጥሬያለሁ፤ አንደኛው እንዲያውም ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አሁንም የምትገባ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አይሠራልህም፤ ሥራ ብታገኝም አይበረክትልህም። የማትገባ ከሆነም ለጊዜው የቀን ክፍያህን እናትህ እጅ አስቀምጥ። በ31 ዓመት ብሬን እናቴ ትይዘው ማለት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ካየኸው ነገር አንጻር ግን ትንሽ ኀፍረት ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። መጀመሪያ የምታደርገው ሥራ መፈለግ አይደለም፤ አንድ ቀን ከሲሚንቶው ቅርና የፈረደብህ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሄደህ የውሳኔህን ግልባጭ አውጣ። ብዙ ሰው ታስሮ ይወጣል እንጂ ምን እንደተፈረደበት ወረቀቱን አንብቦ አያውቅም። ስንት ዓመት እንደሆነ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። አንተም «ሦስት ዓመት» ብለህ አለፍከው። ከሦስቱ በፊት ያለችው ቃል ግን ለአንተ ከቁጥሩ በላይ ትጠቅምሃለች። «ጽኑ እስራት» ነው የሚለው ወይስ «ቀላል እስራት»? ሁለተኛ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ «ከሕዝባዊ መብቶቹ ለዚህን ያህል ጊዜ ታግዷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ ወይስ የለም? ካለ ስንት ዓመት እንደሆነ ጻፈው።

ለምን መሰለህ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን «መሰየም» የሚባል ነገር አለው፤ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ነው። ስሙ ግራ ያጋባል፤ ሰው ሲሾም ወይም ሕፃን ስም ሲወጣለት ይመስላል። ጓዳ ለጓዳ የሚወራው ስለ አመክሮና ስለ ይቅርታ ስለሆነ መሰየምን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የተወሰነ ጊዜ በሰላም ከኖረ ፍርድ ቤት ቀርቦ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ጊዜው ለጽኑ እስራት አምስት ዓመት፣ ለሌላው ሁለት ዓመት ነው። ቃሏን ፈልግ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሦስት ዓመት ልዩነት አለ። አንተ በአመክሮ ስለወጣህ ቆጠራው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር የሕግ ሰው ግልባጩን አይቶ ይቁጠርልህ። ለዚህ ብር አታውጣ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው።

ፍርድ ቤቱ ከተቀበለህ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላም እንዳልነበረ ይቆጠራል። አሻራ ስጥ ሲሉህ እንደማንኛውም ሰው ሄደህ ትሰጣለህ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በክፋት ተነሳስቶ «አንተ ሌባ፣ ታስረህ የወጣህ» የሚልህ ሰው ካለ እሱ ነው በስም ማጥፋት የሚጠየቀው። «እውነቴን እኮ ነው» ማለትም አያድነውም። ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ደግሜ አነበብኩት፤ አንዳንዴ ሕግ ከሰፈር ሰው ይልቅ ይቅር ባይ ሆኖ ይገኛል።

ግን መሰየም መብት አይደለም፤ ሰውየው ሠርቶ የሚያገኘው ነው። በእነዚያ ዓመታት ሌላ ጥፋት መኖር የለበትም፤ ፎርጅዱን ተወው ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው። ደግሞ የተበደለውን ሰው በአቅምህ መጠን መካስህ ይታያል። ማለትም ያ 80 ሺህ ብር።

(ከአንባቢዎቼ መካከል በይቅርታ የወጣችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታና ምሕረት አንድ እንዳይመስሏችሁ። ይቅርታ ቅጣቱን ነው የሚያነሳው፤ ፍርዱ መዝገብ ላይ ይቀራል። ምሕረት ግን ፍርዱንም ከመዝገብ ያጠፋዋል። በይቅርታ የወጣ ሰውም ነገ መሰየምን ቢያስብ ነው የሚሻለው።)

«እስከዚያ ምን ልብላ?» ትለኛለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የቤት ኪራይ ግን አያድርም። ስለዚህ ዛሬ የት እንደምትፈልግና የት እንደማትፈልግ እንለይ።

ባንክ፣ የጥበቃ ድርጅት፣ ካሸርነት፣ ንብረት ክፍል፤ እነዚህን ለጊዜው እርሳቸው። አሻራ ስለሚጠይቁ ብቻ አይደለም። ነገ አንድ ደግ ሰው «ያለ ምንም ወረቀት ካሸር ሁንልኝ» ቢልህ እንኳ እምቢ በል። ትንሽ ጨከንኩብህ ይሆናል፤ ግን አንተም እኔም ምክንያቱን እናውቃለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ለፊት ቆመህም ጊዜህን አትጨርስ። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እንደ ሙስና፣ ስርቆት፣ ማጭበርበርና እምነት ማጉደል ባሉ ጥፋቶች የተፈረደበትን ሰው በመቅጠር ላይ ጥብቅ ነው፤ የአንተ ደግሞ በስሙ ተጠርቷል። ስትሰየም ትመለስበታለህ።

የአንተ ሀብት ብየዳው ነው። ብየዳ ደግሞ ምን ጥሩ ነገር አለው መሰለህ? በአፍ አይደለም የሚመሰከረው። የተበየደው በር ቀጥ ብሎ ይዘጋል ወይም አይዘጋም። ባለቤቱ መዶሻ አንስቶ መገጣጠሚያውን ቢመታው ይይዛል ወይም ይለቃል። ሲቪህን ማንም አያነብም። አንተ ግን ስምንት ወር ሙሉ ያንኳኳኸው ወረቀት የሚነበብበትን በር ይመስለኛል፤ «ክሊራንስ አምጣ» የሚለው ቋንቋ የጋራዥና የብረት ቤት ቋንቋ አይደለም፤ የቢሮ ነው።

እኔ ሰፈር አንድ የብረታ ብረት ቤት አለ። በርና መስኮት፣ አንዳንዴም የውኃ ታንከር ማስቀመጫ ይሠራሉ። ባለቤቱ ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ሰላምታቸው ራሱ ቁጣ ይመስላል። የዛሬ ጥቂት ዓመት ለቤቴ የበር ፍርግርግ ላሠራ ሄጄ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንድ ልጅ መጣ። የተጣጠፈ ቱታ በፌስታል ይዟል። «ጋሼ፣ በያጅ ይፈልጋሉ?» አላቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «የት ሠርተሃል?» አሉት። ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ለብቻዎ አንድ ደቂቃ ባናግርዎት» አለ። ወደ ጓሮ ወጡ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሲመለሱ ሰውየው ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ ወለሉ ላይ ጣሉለትና «ይህን በዘጠና ያዝልኝ» አሉት። ልጁ ቱታውን ለበሰ። ኤሌክትሮዱን ከመለኮሱ በፊት ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ብሩሽ ጠረጋቸው፤ ከዚያ ስኳድራ፣ ማለትም የዘጠና ዲግሪ ማስተካከያውን፣ ጠየቀ። ስኳድራ ሲጠይቅ የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሲጨርስ አንሥተው ገለባበጡት። «ነገ በሁለት ሰዓት ና» አሉት። በቃ፣ ያ ነበር ቃለ መጠይቁ።

ፍርግርጌ እስኪያልቅ ስመላለስ ልጁ እዚያው ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ልጁ ታስሮ የወጣ እንደሆነ ሰውየው የነገሩኝ፤ በምን እንደታሰረ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «ሦስት ወር ብር አላስነካሁትም» አሉኝ። «በአራተኛው ወር መርካቶ ላሜራ ግዛ ብዬ ላክሁት። ደረሰኙንና አሥራ አምስት ብር መልሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወደ ሥራው ሄደ። እንዲህ በዝምታ ማስቀመጡ ነው ልቤን ያሳረፈው።»

ስለዚህ «ልናገር ወይስ ልደብቅ?» ላልከኝ፣ ተናገር። ግን ለማን፣ መቼና ምን ያህል የሚለው ነው ዋናው። በስልክ አትናገር። ገና በር ላይ፣ ስምህን ሳታስተዋውቅ አትናገር። ሠራተኛ በተሰበሰበበት አትናገር። ሰውየው ሊቀጥርህ ማሰቡን ስታይ፣ ተያዥ ከመጠየቁ በፊት፣ ለብቻው አድርገህ ለወሳኙ ሰው ብቻ ንገረው። ያ ልጅ «ለብቻዎ» ያለው ወዶ አይደለም። ለሥራ ባልደረቦችህ የመናገር ግዴታ የለብህም። ለደላላም አትንገር፤ ደላላ የነገርከውን በሙሉ በየሄደበት ይዞት ይዞራል።

አንተ ስትጽፍልኝ «አልካድኩም» ያልከውን ወድጄዋለሁ፤ ስትናገርም እንዲሁ አጭር ሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። በፊት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ ብር አጉድዬ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ። ብየዳውን የተማርኩት እዚያው ነው። የጎደለውን በየወሩ እየከፈልኩ ነው፤ ደረሰኙ ይኸው። ብር የማልነካበት ቦታ ያሠሩኝና ሥራዬን አይተው ይወስኑ።» ከዚህ በላይ አትጨምር። ስለ ጓደኞችህ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ኑሮ ውድነት አታውራ። እንባም አይምጣ። የሚያዝንልህ ሰው ሁለት መቶ ብር ሰጥቶ ይሸኝሃል፤ አንተ ደግሞ የሄድከው ለሥራ ነው። ከተናገርክ በኋላ ዝም በልና ጠብቅ፤ ዝምታው ይረዝምብሃል፣ አትሙላው።

ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። ይህን አልደብቅህም። «እንደውልልሃለን» ብለው የማይደውሉ አሉ፤ እዚያው ፊትህ ላይ የሚያመናጭቁህም አይጠፉም። ግን ልዩነቱን እየው። እስካሁን ከበር የምትመለሰው አንተ ራስህ ነበርክ፤ «እሺ» ብለህ ወጥተህ የምትጠፋው አንተ ነህ። አሁን ቢያንስ እምቢ የሚሉህ እነሱ ይሁኑ።

ማረሚያ ቤት ያገኘኸው ሰርተፊኬት ላይ የማን ማህተም እንዳለ አላውቅም። የማንም ይሁን፣ ብር ስታጠራቅም ሲኦሲ ተፈተን። የብየዳ ብቃት ምዘና ካለፍክ የምትይዘው ወረቀት ስለ እጅህ እንጂ ስለ ተማርክበት ቦታ አያወራም። ወረዳህም ሄደህ ሥራ አጥ ብለህ ተመዝገብ፤ በማኅበር መደራጀቱ ቢቆይ እንኳ ስምህ ይኑር።

አሁን ወደ ተያዡ። አጎትህ ላይ አትዘንበት። ተያዥ መሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈረም ነው፤ ሰው ደሞዙን አስይዞ ነው የሚፈርመው። አጎትህ የሚታየው ያ 140 ሺህ ብር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ከፍተኛው መጠን በዋስትናው ውል ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ማለት፣ ተያዥ የሚሆንህ ሰው ማለቂያ የሌለው ዕዳ ውስጥ እየገባ አይደለም። ቁጥሩ ተጽፎ ያየዋል። ብር የማይነካ በያጅ ደግሞ ቢያጠፋ ስንት ሊያጠፋ ነው? ግራይንደርና ኬብል ነው። በ20 ሺህና በ30 ሺህ የሚያልቅ ዋስትና ከአሠሪው ጋር መነጋገር ትችላለህ። «ተያዥ ሁነኝ» ማለትና «እስከ 20 ሺህ ብር ብቻ ተያዥ ሁነኝ» ማለት ለሚሰማው ሰው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው።

አጎትህ ጋ ግን አሁን አትሂድ። ከስድስት ወር በኋላ ስድስት ደረሰኝ ይዘህ ሂድ።

የምን ደረሰኝ? የ80 ሺውን ነዋ። ደብዳቤህ ውስጥ አንድ መስመር ሰጥተኸው ያለፍከው ይህ ብር ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ለመሰየም ይፈለጋል። አሠሪ ፊት ስትቆም የምታሳየው እሱን ነው። አጎትህን የሚያለሳልሰውም እሱ ነው። በወር 2,000 ብር ብትከፍል በ40 ወር ያልቃል፤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ማለት ነው። ፍርድህ ጽኑ እስራት ቢሆን እንኳ አምስት ዓመቱ ሳይሞላ ዕዳህን ጨርሰህ ትጠብቀዋለህ። ቀላል እስራት ከሆነ ሁለት ዓመቱ ቀድሞ ይደርስብሃል፤ ቢሆንም ሕጉ የሚለው በአቅሙ መጠን ነው፤ ሳታቋርጥ የከፈልክባቸው ሃያ አራት ወረቀቶች ያኔ ይናገሩልሃል። በእጅ አትስጥ። በባንክ አስገባ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ካሳ» ብለህ ጻፍ፤ ወረቀቷን ፎቶ አንሳትና አስቀምጣት።

ግን ዝም ብለህ የቀድሞ አሠሪህ አካውንት ላይ ብር አትጣል። መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ። እሳቸው ልባቸው ተሰብሯል፤ ደውለህ «ሄሎ ጋሼ» ብትላቸው ሊዘጉብህ ይችላሉ። ሁለት ሽማግሌ ሄደው «ልጁ ወጥቷል፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሊከፍል ይፈልጋል፣ ይቀበሉት» ቢሏቸው እምቢ ማለቱ ይከብዳቸዋል። ከሽማግሌዎቹ ጋር አብረህ ከሄድክ ደግሞ ይቅርታ ጠይቀህ ዝም በል። ሥራ እንዳትለምናቸው አደራ። ከፍለህ ስትጨርስ «ገንዘቤን ተቀብያለሁ» የሚል የተፈረመ ወረቀት ትጠይቃለህ።

ሽማግሌው ከየት ይምጣ? እዚህ ጋ ነው እናትህ የምትመጣው። «ክፍለ ሀገር ነበር» የሚለውን ወሬ ጎረቤት አምኖታል ብለህ ታስባለህ? የሰፈር ሴቶች ቡና ላይ እናትህን ላለማሳፈር ብለው ዝም ብለዋት ይሆናል እንጂ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ምግብ ቋጥራ ስትወጣ ያላያት የለም። አደባባይ ወጥታ ታውጅ አልልም። ለአንድ ሰው ብቻ ትንገር፤ ለዕድሩ ዳኛ ወይም ቃላቸው ለሚከበር አንድ ትልቅ ሰው። እኚያ ሰው ሽማግሌ ሆነው ይሄዳሉ። ዕድር ውስጥ ደግሞ ግንበኛው፣ አናጺው፣ ጋራዥ ያለው፣ ቤት እያሠራ በያጅ ያጣው ሁሉ አለ። እኔ ካየሁት፣ የእጅ ሥራ በማስታወቂያ ሳይሆን «እኔ አውቀዋለሁ» በሚል ሰው አፍ ነው የሚገኘው። አንተ ደግሞ ላለፉት ስምንት ወራት «አውቀዋለሁ» ሊልልህ ከሚችለው ሰው ሁሉ ተደብቀሃል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሥራ ስታገኝ ታሪክህን ያወቀ አሠሪ አንዳንዴ ይፈተናል። «ማን ይቀጥርሃል? ስለዚህ በግማሽ ደሞዝ ሥራ» ይላል። ወይም የሙከራ ጊዜ ነው እያለ ስድስት ወር ያሠራሃል። ታስሮ ለወጣ ሰው የተለየ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከደሞዝ የሚቆረጥ ነገር ቢኖር በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝህ ሲሶውን ማለፍ አይችልም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዝቅ ባለ ክፍያ መስማማትህ የአንተ ምርጫ ነው፤ እኔም ብሆን ለሁለት ለሦስት ወር እስማማ ይሆናል። ግን ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚስተካከል በወረቀት ይሁን። ውለታ ስለዋሉልህ ብቻ ዓመት ሙሉ በነፃ አትሠራም።

እናንተ ቀጣሪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡትንም ላስቸግር። ቁልፍና ካዝና ለማይነካ የእጅ ባለሙያ ክሊራንስ የምትጠይቁት ለምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ ሌላው ስለሚጠይቅ ነው የምትጠይቁት። ልጁን አንድ ቀን አሠርታችሁ ብታዩት ከአሻራው የበለጠ ይነግራችኋል።

ወንድሜ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ሂድ። ግልባጩን ስታገኝ «ጽኑ» ይል እንደሆነ ወይም «ቀላል» ጻፍልኝ፤ ቀኑን አብረን እንቆጥረዋለን። ስለ ቤቲንጉም የጠየቅኩህን አትርሳ፤ መልስ ሳትሰጠኝ ነው የቀረኸው።